11 ሌሊት፣ ስድስት ከተማ፣ በዲሴምበር፦ ያስኬዳል ወይስ አብዝተናል?

ሁለት ትኬት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ጓደኛዬ ከዲሴምበር 17 እስከ 28 አውሮፓን ልንዞር ነው። ያወጣነው ዕቅድ፦ ፓሪስ 2 ሌሊት፣ ሙኒክ 1፣ ፕራግ 2፣ ቪየና 2፣ ቡዳፔስት 2፣ ቬኒስ 2። ትኬት አልቆረጥንም፣ ለቪዛም ገና አላመለከትንም፤ ስለዚህ ሁሉም ሊቀየር ይችላል።

እሷ ሙዚየም ከገባች አትወጣም፤ እኔ ደግሞ መንገድ ለመንገድ እየዞርኩ ፎቶ ማንሳት ነው የምወደው። ከተሞቹ በዝተዋል? በባቡር ይሻላል ወይስ በአውሮፕላን? ለብርዱ የስኪ ጃኬት መግዛት የግድ ነው? ከ24 እስከ 26 ሁሉ ነገር ይዘጋል የሚባለው እውነት ነው? ቪዛውንስ ከየትኛው አገር እንጠይቅ? ቦታውን የምታውቁ ቁርጥ ያለ መልስ ስጡን።

ሐዲድ

በዝተዋል። በበጋ ቢሆን «ትደክማላችሁ እንጂ ይቻላል» እላችሁ ነበር። በዲሴምበር ግን የሚቆጠረው ቀን ሳይሆን ብርሃን ነው። በ21ኛው ቀን አካባቢ ፕራግ ላይ ፀሐይ የምትወጣው 8:00 ሊሆን ሲል፣ የምትጠልቀው 16:00 ላይ ነው። ቪየና ከ7:40 እስከ 16:00፣ ቡዳፔስት ከ7:30 እስከ 15:55 ግድም። (ሰዓቱን ሁሉ የምጽፈው እንደ ባቡር ሠሌዳው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው።) ፓሪስ ላይ ዘግይታ ወጥታ ዘግይታ ትጠልቃለች እንጂ የቀኑ ርዝመት እዚያም ስምንት ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው።

አሁን ዕቅዳችሁን በዚህ ስፈሩት። ፓሪስ–ሙኒክ በፈጣኑ ባቡር ስድስት ሰዓት ገደማ፣ ሙኒክ–ፕራግ ከዚያ ብዙም አያንስም፣ ፕራግ–ቪየና አራት፣ ቪየና–ቡዳፔስት ሁለት ሰዓት ከአርባ፤ ቡዳፔስት–ቬኒስ ደግሞ ዞሮ ሙሉ ቀን ይበላል። ተደምሮ ከሃያ አምስት ሰዓት በላይ መቀመጥ ነው፤ ሻንጣ ማሸጉ፣ ጣቢያ መድረሱ፣ አዲስ ሆቴል ማፈላለጉ ሳይቆጠር። በብርሃን ሲመነዘር ሦስት ቀን አለቀ። አውሮፕላንም አያድናችሁም፦ የአንድ ሰዓት በረራ ከመሃል ከተማ እስከ መሃል ከተማ ሲሰላ ከአራት ሰዓት በታች አይወርድም፣ በክረምት ደግሞ ጭጋጉና ከክንፍ ላይ በረዶ ማራገፉ ይጨመርበታል።

እኔ የምለው፦ ፓሪስን፣ ሙኒክንና ቬኒስን ተዉ። ፕራግ 3 ሌሊት፣ ቪየና 5፣ ቡዳፔስት 3። ሦስቱም በአንድ መስመር ላይ ናቸው፣ ወደ ኋላ መመለስ የለም። የአውሮፕላን ትኬት ስትፈልጉ «ደርሶ መልስ» የሚለውን ሳይሆን ብዙ ከተማ የሚለውን ምረጡና በፕራግ ግቡ፣ ከቡዳፔስት ውጡ። ከተማ የምትቀይሩት ደግሞ ከጨለመ በኋላ ይሁን፤ ባቡር ውስጥ የምታጠፉት ሰዓት ብርሃን አይበላባችሁም።

ስለ ባቡር ትኬቱ። ለሁለት ጉዞ ብቻ የባቡር ፓስ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። የኦስትሪያ ባቡር ሽፓርሺነ የሚለው ርካሽ ትኬት አለው፤ ቀድሞ ሲገዛ ዋጋው ግማሽና ከዚያም በታች ሊሆን ይችላል። ርካሽ የሆነበት ምክንያት ከአንድ ባቡር ጋር ስለሚታሰር ነው፤ ያ ባቡር ካመለጣችሁ በሚቀጥለው አይሠራም። ብዙ ሰው የማያውቀው፦ የአውሮፓ ባቡሮች ዓመታዊ ሠሌዳ የሚቀየረው በዲሴምበር ሁለተኛው ቅዳሜ እኩለ ሌሊት ላይ ነው። የእናንተ ጉዞ ከዚያ በኋላ ስለሚውል፣ በመከር ወደ ድረ ገጹ ገብታችሁ «ባቡር የለም» ቢላችሁ አትደንግጡ፤ አዲሱ ሠሌዳ ገና ስላልተጫነ ነው። በየጥቂት ቀኑ እያያችሁ ልክ ሲከፈት ግዙ።

ሬይልጄት በሚባለው ፈጣን ባቡር ላይ ወንበር ማስያዝ ግዴታ አይደለም፤ ትኬቱ ብቻውን ወንበር አይሰጥም ማለት ነው። በገና ሰሞን ግን አስይዙ፣ አለዚያ ኮሪደር ላይ ሻንጣ ላይ ተቀምጣችሁ ትደርሳላችሁ። በፕራግና ቪየና መካከል ሬጂዮጄት የሚባል የግል ባቡርም አለ፤ እሱ ከትኬቱ ጋር ወንበር ይሰጣል። የአንዱ ድርጅት ትኬት በሌላው ባቡር አይሠራም።

ቢዘገይስ? በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ከ60 እስከ 119 ደቂቃ ከዘገየ የትኬቱን 25 በመቶ፣ 120 እና ከዚያ በላይ ከሆነ 50 በመቶ ትጠይቃላችሁ። ከባድ የአየር ሁኔታ ሲሆን ድርጅቱ ካሣ ላይከፍል ይችላል። ባቡር የምትቀይሩበት ጉዞ ከሆነ ሁለቱን ክፍል በአንድ ትኬት ግዙ። ለየብቻ ከገዛችሁ የመጀመሪያው ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጣችሁ ኪሣራው የራሳችሁ ነው።

ቪዛ፦ የሸንገን ቪዛ (ለአብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚያገለግለው) የሚጠየቀው ብዙ ቀን ከምትቆዩበት አገር ነው። 3–5–3 ያልኳችሁ አንዱም ለዚህ ነው፤ ኦስትሪያ በግልጽ ትበልጣለች። ቀኖቹ እኩል ሲሆኑ የሚታየው መጀመሪያ የምትገቡበት አገር ነው፣ በትራንዚት ስትገቡ ደግሞ ነገሩ ይወሳሰባል። ማመልከቻው ከጉዞው ከ6 ወር በፊት አይቀበሉትም፣ ከ15 ቀን ወዲህም አይሆንም። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፣ የጤና መድኑም ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። የሁለታችሁ የሆቴል ቦታ ማስያዣ በአንዳችሁ ስም ብቻ ከሆነ ለሌላው ማስረጃ ስለማይሆን ሁለቱም ስም እንዲጻፍ አድርጉ።

ወፍራም ካልሲ

ሐዲድ ስለ መንገዱ ብሏል፤ እኔ ስለ ልብሱ።

የስኪ ጃኬት አትግዙ። በዲሴምበር መጨረሻ በእነዚህ ሦስት ከተሞች ሙቀቱ አብዛኛውን ጊዜ ከዜሮ ትንሽ ዝቅ ወይም ትንሽ ከፍ ነው የሚለው። ችግሩ ቅዝቃዜው ብቻ አይደለም፤ እርጥበቱና መውጣት መግባቱም ነው። ውጭ ዜሮ፣ ትራሙና ሙዚየሙ ውስጥ ከ20 በላይ። አንድ ወፍራም ነገር የለበሰ ሰው ውስጥ ያልበዋል፣ ሲወጣ ላቡ ላዩ ላይ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ሦስት ድርብ፦ ከሰውነት የሚገናኘው ቀጭን ሱፍ ወይም ሰው ሠራሽ ጨርቅ (ጥጥ ላብ ይዞ ስለሚቆይ አይሆንም)፣ ከላዩ ፍሊስ ወይም ቀጭን የላባ ጃኬት፣ ከሁሉም በላይ ነፋስና ውሃ የማያስገባ፣ ዳሌ የሚሸፍን ካፖርት። መሃለኛዋ ታጥፋ ቦርሳ ውስጥ የምትገባ ትሁን። በብዙ ሙዚየም ካፖርትና ቦርሳ በር ላይ ስለሚቀመጥ ፓስፖርትና ካርድ ካፖርት ኪስ ውስጥ አታድርጉ።

ገንዘባችሁን እግር ላይ አውሉት። የገና ገበያ ላይ አንድ ሰዓት ድንጋይ ላይ ቆሞ መዋል ነው፣ ብርዱም የሚገባው ከታች ነው። ሶሉ ወፍራም ጎማ፣ ጥርሱ ጠለቅ ያለ ቡት፤ ውስጡ የሱፍ ወይም የፌልት ንጣፍ። የጫማው ቁጥር ከተለመደው በግማሽ ቁጥር ከፍ ይበል። ጠባብ ጫማ ውስጥ ሁለት ካልሲ መደረብ ብዙዎች የሚሠሩት ስሕተት ነው፦ ደም ዝውውሩ ይታፈናል፣ የሚሞቀው አየር ቦታ ያጣል፣ ጣቶች ከበፊቱ ይብሳሉ። ጫማው ከረጠበ ማታ ጋዜጣ ጎስጉሱበት፤ የክፍሉ ማሞቂያ ላይ ካስቀመጣችሁት ሙጫው ይለቃል።

ሻንጣው ትልቅ ጎማ ያለው ወይም በጀርባ የሚታዘል ይሁን። አሮጌው ከተማ ሁሉ ኮብልስቶን ነው፤ በረዶ ሲጥል ደግሞ እንዳያንሸራትት ጠጠር ይበተንበታል፣ ጠጠሩም ትንንሽ ጎማዎች ውስጥ እየገባ ይቀረቅራቸዋል። ከነጭ በረዶ ይልቅ የሚያስፈራው ዝናብ ጥሎ መሬት ላይ የሚረጋው የማይታይ በረዶ ነው። በዚያ ቀን እጅ ከኪስ ይውጣ፣ እርምጃ ይጠር።

ለፎቶ አንሺው፦ ባትሪ በብርድ አቅሙ ይወርዳል። 30 በመቶ የሚያሳይ ስልክ ድንገት ሊጠፋ ይችላል፤ ሲሞቅ ይመለሳል። ስልኩንም ትርፍ ባትሪውንም ውስጠኛ ኪስ ውስጥ ያዙ። ካሜራ ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት ሲገባ ሌንሱ ላይ ጤዛ ይይዛል፣ ውስጡም ሊገባ ይችላል፤ ገና ውጭ ሳላችሁ በሚዘጋ ፕላስቲክ ከረጢት አሽጉትና ከገባችሁ ግማሽ ሰዓት በኋላ ክፈቱት። በረዶ የሞላው ፎቶ ግራጫ የሚሆነው የካሜራው ብርሃን መለኪያ ነጩን ለማጨለም ስለሚሞክር ነው፤ ብርሃን ማስተካከያውን ወደ +1 አድርጉት። ጓንት ሁለት ድርብ፦ ቀጭን ከውስጥ፣ ጣቶች አንድ ላይ የሚገቡበት ወፍራም ከላይ።

ማለዳ

በጠቅላላው ከሐዲድ ጋር እስማማለሁ፤ «ከተማ ከጨለመ በኋላ ቀይሩ» የሚለውን ግን አልቀበልም። ለጃንዋሪ ትክክል ነው። ከገና በፊት ግን ምሽቱ የጉዞው ግማሽ ነው፦ የገና ገበያዎቹ መብራታቸው በርቶ ሰው የሚሞላቸው ከ16:30 እስከ 21:00 ነው። ያን ሰዓት ባቡር ላይ ማሳለፍ ምን ትርጉም አለው? ከፕራግ ገና ሳይነጋ ተነሡ፤ ከጉዞው የተወሰነው በጨለማ ያልቃል፣ ከቀትር በፊት ቪየና ናችሁ። ሆቴሉ ክፍል የሚሰጠው ከ14:00 ወይም ከ15:00 በኋላ ቢሆንም ሻንጣ ተቀብሎ ያስቀምጣል።

ደግሞም የሁለታችሁ ጠባይ አይጋጭም፤ የክረምቱ ሰዓት ራሱ ያስማማችኋል። ብርሃኑ ለእግር ጉዞና ለፎቶ፣ ጨለማው ለሙዚየም። ቪየና የሚገኘው የኪነ ጥበብ ታሪክ ሙዚየም ሐሙስ እስከ 21:00 ክፍት ነው፤ አልበርቲና የተባለው ሙዚየም ደግሞ ረቡዕና ዓርብ እስከ 21:00። እነዚህን ቀትር ላይ መግባት ብርሃን ማቃጠል ነው። በተቃራኒው የፕራግ ቤተ መንግሥት ውስጣዊ ክፍሎች በክረምት 16:00 ላይ ስለሚዘጉ ጠዋት ሂዱ፤ ግቢው ግን እስከ 22:00 ክፍት ነው፣ በነፃም ይገባል። የፕራግ የአይሁድ ሙዚየም ቅዳሜ አይከፈትም።

ለፎቶ የክረምት ትልቁ ጸጋ ይህ ነው፦ የፕራጉን ቻርልስ ድልድይ ባዶ ለማግኘት በጁን ከ5:00 በፊት መነሣት ያስፈልጋል፤ በዲሴምበር 7:20 ላይ ቁርስ ቀማምሶ መድረስ ይበቃል። ማታ ደግሞ ፀሐይ ከጠለቀች ከ15 እስከ 35 ደቂቃ ባለው ጊዜ ሰማዩ ሰማያዊ ሆኖ ከመብራቱ ጋር ይመጣጠናል፣ ከዚያ በኋላ ጥቁር ብቻ ነው። 16:10 ላይ የምትፈልጉበት ቦታ ቆማችሁ ተገኙ እንጂ ያኔ ከካፌ አትውጡ። ቀኑን ሙሉ ዝቅ ያለ ግራጫ ደመና ቪየናን ከሸፈናት 38ኤ በሚለው አውቶቡስ 484 ሜትር ከፍታ ወዳለው ካሌንበርግ ውጡ፤ አንዳንዴ ጭጋጉ ከታች ይቀርና ላይ ፀሐይ ይሆናል። ሁልጊዜ አይደለም።

ወደ ሳልዝበርግ አንድ ቀን ደርሶ መልስ ከፈለጋችሁ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ በአንድ ጎን ነው። 6:00 አካባቢ የማትነሡ ከሆነ ግን ይቅርባችሁ።

የበዓሉ ነገር፦ ይዘጋል፣ ግን እኩል አይዘጋም። የጀርመን ገበያዎች አብዛኞቹ 23 ወይም 24 ላይ ያበቃሉ (ሙኒክ መቅረቷ አንድም ለዚህ ጥሩ ነው)። የቪየናው ማዘጋጃ ቤት ፊት ለፊት ያለው እስከ 26፣ የፕራግ አሮጌው ከተማ አደባባይ እስከ ጃንዋሪ 6፣ የቡዳፔስቱ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ግድም ይቆያል። ቀኖቹ በየዓመቱ ትንሽ ሊንሸራተቱ ስለሚችሉ አጣሩ። ዲሴምበር 24 ከቀትር በኋላ ሱቅ ይዘጋል፣ 25 እና 26 ሱፐርማርኬት የለም፤ የሚተርፈው በትልልቅ ባቡር ጣቢያ ውስጥ ያለው ብቻ ነው። የ24ን ማታ በቪየና ማሳለፉ ጥሩ ነው፤ ቡዳፔስት ላይ በዚያ ምሽት የከተማው ትራንስፖርት ከወትሮው ቀድሞ ይቆምና ጥቂት የሌሊት አውቶቡስ ብቻ ይቀራል። የቪየና ኦፔራ በ24 ትርኢት የለውም። በሌላ ቀን የመቆሚያ ቦታ ትኬት በትርኢቱ ዕለት ይሸጣል፣ ከወንበሩ ጋር ሲነጻጸር በጣም ርካሽ ነው፤ ገብታችሁ ቦታችሁን የምታስከብሩት ብረቱ ላይ ስካርፍ በማሰር ነው። ቀጭን ስካርፍ ያዙ።

ሐዲድ

ማለዳ፣ የፕራግ–ቪየናውን ተቀብያለሁ፤ ለ20 ጠዋት ይሁን። ቪየና–ቡዳፔስት ግን በ25 ማታ ይሁን እላለሁ። 25 ቀን ሾንብሩን ቤተ መንግሥት ክፍት ነው (ዓመቱን ሙሉ አይዘጋም)፣ ብርሃኑን እዚያ ጨርሰው 17:00 አካባቢ ቢነሡ ከ20:00 በፊት ይደርሳሉ። ባቡሮች በበዓሉም ይሄዳሉ። የእራቱን ነገር ብቻ አስቡበት፦ በ25 ማታ ቡዳፔስት ላይ የተከፈተ ምግብ ቤት ማግኘት ከባድ ስለሆነ በ24 ጠዋት ቪየና ላይ ገዝታችሁ ያዙ። ሆቴላችሁ ቡዳ በሚባለው የወንዙ ምዕራብ በኩል ከሆነ ዋናው ኬለቲ ጣቢያ ድረስ አትሂዱ፤ ከዚያ በፊት ኬለንፎልድ ላይ ወርዳችሁ ሜትሮ መስመር 4 ያዙ። ፓስፖርት አገር ስትቀይሩ ሁሉ ከእጃችሁ አይራቅ፤ ሸንገን ውስጥም ባቡር ላይ ፍተሻ ሊኖር ይችላል።

ሁለት ትኬት (ጠያቂ)

እናመሰግናለን፣ 3–5–3 ላይ ተስማምተናል። ቬኒስ ግን ጓደኛዬ ልብ ውስጥ ቀርቷል። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፦ ክፍልና ገንዘብ ለሁለት ስንካፈል ምን እንጠንቀቅ? ቡዳፔስት ያለው የፍል ውሃ መታጠቢያስ በዚህ ብርድ ይቻላል?

ፎሪንት

ቬኒስን በተመለከተ፦ ከመከር እስከ ክረምት የባሕር ውሃ ከፍ የሚልበት ወቅት ነው። ከ2020 ጀምሮ የሚሠራው ሞዜ የተባለው ግድብ የሚነሣው በጥቅሉ 110 ሴንቲሜትር ሲተነበይ ነው፤ የቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ግን ከዚያ ያነሰ ውሃም ያጥለቀልቀዋል። ሌላ ጊዜ፣ ለብቻው ሂዱበት።

ክፍል፦ በኦስትሪያ «ባለ ሁለት» የሚባለው አልጋ ብዙ ጊዜ ሁለት ፍራሽ ተጠጋግቶ ለየብቻ ብርድ ልብስ ያለው ነው። የተራራቀ አልጋ ከፈለጋችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። የከተማ ግብር ለብቻው ሊጠየቅ ስለሚችል ዋጋ ስታወዳድሩ ደምሩት።

ገንዘብ፦ ቼክ ኮሩና፣ ኦስትሪያ ዩሮ፣ ሀንጋሪ ፎሪንት። ካርድ ሲከፈልም ሆነ ከማሽን ሲወጣ «በራስህ አገር ገንዘብ ይቁረጥ?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ ሁልጊዜ አይሆንም ነው፤ የአገሩን ገንዘብ ምረጡ፣ አለዚያ የማሽኑ ባለቤት በራሱ ምንዛሪ ያስከፍላችኋል። ቱሪስት በሚበዛበት መንገድ ላይ ለብቻቸው የቆሙትን ማሽኖች ትታችሁ ባንክ ግድግዳ ላይ ያለውን ተጠቀሙ። ፕራግ ላይ ምንዛሪ ቤት ካታለላችሁ ሕጉ እስከ 1,000 ዩሮ የሚደርስ ምንዛሪን በሦስት ሰዓት ውስጥ እንድትሰርዙ ይፈቅዳል፤ ደረሰኙ ግን መኖር አለበት። ቪየና ላይ አስተናጋጁ አንድ ላይ ወይስ ለየብቻ ብሎ ይጠይቃል፣ ለየብቻ ማለት ነውር አይደለም። ቡዳፔስት ላይ ሒሳቡን አንብቡ፦ ሰርቪዝዲይ የሚል መስመር ካለ ጉርሻው ተካቷል፣ ሁለተኛ አትክፈሉ። የገና ገበያ ኩባያ የመያዣ ገንዘብ ይከፈልበታል፤ ስትመልሱ ገንዘቡ ይመለሳል፣ ካልመለሳችሁ ኩባያው የእናንተ ነው። አልኮል የማይጠጣ «ኪንደርፑንሽ» ይበል። የወረቀት የትራም ትኬት ማሽኑ ላይ ካልተመታ እንዳልተገዛ ይቆጠራል፤ ተቆጣጣሪዎቹ ቱሪስት ነኝ የሚለውን ሰምተው አይሰሙም።

ፍል ውሃው በብርድ ነው የሚጥመው። ሴቼኒ በተባለው መታጠቢያ (ከ1913 ጀምሮ ያለ ነው) ውጭ ያለው ሙቅ ገንዳ እስከ 38 ዲግሪ ይደርሳል፤ ከጨለመ በኋላ እንፋሎቱ መካከል ብዙ ሰው እንኳ ቢኖር አይታይም። ነጠላ ጫማና ፎጣ የራሳችሁን ያዙ። የዋና ገንዳው ውስጥ የፀጉር ቆብ ግዴታ ነው። ከ20 ደቂቃ በኋላ ወጥታችሁ አረፍ በሉ፣ ውሃ ጠጡ፤ ፀጉር ሳይደርቅ ወደ ውጭ አትውጡ። የበዓል ሰዓቱን ቀድማችሁ አጣሩ። የቡዳፔስት ፓርላማን ጉብኝት ለ27 ያዙ፣ በገና ቀኖች ጉብኝት የለም፤ ትኬቱ በኢንተርኔት ቀድሞ ስለሚያልቅ በሩ ላይ አትመኩ። የአውሮፓ ፓስፖርት ለሌለው ዋጋው ከፍ ይላል።

በ28 ወደ አየር ማረፊያ ስትሄዱ፦ ከመሃል ከተማ በቀጥታ የሚወስደው 100ኢ አውቶቡስ የራሱ ልዩ ትኬት አለው፣ የከተማው የቀን ፓስ እዚያ አይሠራም። ፓስ ከያዛችሁና ካልቸኮላችሁ በሜትሮ መስመር 3 እስከ ኬባንያ–ኪሽፔሽት ጣቢያ ሂዱ፤ እዚያ ወርዳችሁ 200ኢ አውቶቡስ ያዙ፣ እሱ በተለመደው የከተማ ትኬት ይሄዳል።